ውሃ ልክ

ሐይቁ ሰማያዊ ነው ብዬ ጀመርኩኝ፣
አንድ ቱቦ ቀለም ባንድ ጠዋት ጨረስኩኝ፤
ከፒያሳው መደብር ተከራክሬ የገዛሁት፣
የሳምንት የባጃጅ ሒሳቤን የበላሁበት።

መምህር ሌዳሞ ከኋላዬ ቆመው፣
መነጽር አውልቀው፣ በሸሚዝ ወልውለው፣
«የት አየሽው?» አሉኝ።
«ምኑን?»
«ሰማያዊውን።»
ልጠቁም ዘረጋሁ፤ ጣቴ አየር ላይ ቀረ።
ዳር ዳሩ ጭቃ ነው፣ ከጭቃው አለፍ ሲል የሻይ አተላ፣
መሐሉ እርሳስ መሳይ፣ ማዶው ለጋ ባቄላ፣
ጀልባዋ ሥር ሲደርስ እንደ አሮጌ ነሐስ የጠቆረ።
ሰማያዊ የምለው
እኔ ራስ ውስጥ ነበረ።

ከዚያ ወዲህ ጥቁር ቀለም ገዝቼ አላውቅም።
የታቦር ጥላ እንኳ፣ አመሻሹ ላይ፣ ጥቁር አይደለም፤
የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ነው፣ እርጥቡ፣ የውስጠኛው።
ይህንን ለእህቴ ሮጬ ነገርኳት፣
ድስት ጥዳ ነበር፣ ጭሱ እያስለቀሳት፤
«ተራራውን ተዪና ሽንኩርቱን አቁላዪው!»
አቁላላሁት። አረረ።
ሲያር ደግሞ ምን ዓይነት ቡናማ አወጣ መሰላችሁ!

አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳው ቆሟል፣
እንደ ጡረተኛ ካፖርቱን ደርቧል፤
የዓሣ አንጀት ካልወደቀ ዓይኑን አይገልጥም።
ገንዘብ አይጠይቅም፣ «ደከመኝ» አይልም፣
እንደሱ የሚመች ሞዴል አላገኘሁም።
ሁለተኛ እግሩ ጋ ስደርስ ግን በረረ።
ስለዚህ ሥዕሌ ላይ ባንድ እግሩ ቆሞ ቀረ።
ያዩት የክፍል ልጆች «ጥልቅ ነው» አሉኝ፤
ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ወር ነው ዳንጊሶ የመጣው፣
መረቡ ትከሻው ላይ፣ ቆሮሶው በእጁ እንዳንጠለጠለው።
ሸራዬን አየና፣
«ይቺ ጀልባ የኔ ናት?»
«ያንተ ናት።»
«ባዶዋን ነው?»
«ኧረ ዓሣ ሞልቷታል! ይኸው፣ ዓሣው ይታያል።»
«ዓሣ ቢሞላትማ እንዲህ አትንሳፈፍም፤
ላባ ነው የሣልሽው፣ ጀልባ አልሣልሽም።
የጫነች ጀልባ ጣት ያህል ትወርዳለች፣
ሁለት ሰው ካለባት እስከዚህ ትጠልቃለች» አለና
ሳይጠይቀኝ፣ ሳያስፈቅደኝ፣
ባልደረቀው ቀለም ላይ በጥፍሩ ጫረው
የውሃውን ልክ።

ተናደድኩ፣ አልዋሽም።
ስድስት ሳምንት የለፋሁበት ነው፤
ጥፍሩ ላይ ደግሞ የዓሣ ቅርፊት ነበረው፣
አንዷ ቅርፊት እዚያው፣ ሸራው ላይ፣ ተጣብቃ ቀረች።

ማታ ባምፑል ሥር ጀልባዋን በጨርቅ ጠረግኳት፣
በጫረው መስመር ላይ፣ ጣት ያህል አወረድኳት።
ያኔ ነው ክብደት የመጣው።
ዓሣው ዓሣ ሆነ። የቀዛፊው ክንድ ውስጥ
ድካም ገብቶ ተቀመጠ።
እኔ ድካም አልሣልኩም፤
መስመር ነው ዝቅ ያደረግኩት።

መምህር ሌዳሞ ሲያዩት መነጽር አላወለቁም።
«ማን አስተማረሽ?» አሉ።
«ዓሣ አጥማጅ።»
ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሌላው ልጅ አለፉ፤
ቅርፊቷን ግን፣ አይቻቸዋለሁ፣
በትንሿ ጣታቸው ነካ አድርገዋት አለፉ።

አሁን ዓይኔ ተበላሽቷል።
ሰው ሁሉ ላይ የውሃውን ልክ ነው የምፈልገው፤
ማን ተጭኗል፣ ማን ባዶውን ይንሳፈፋል እያልኩ።
ትናንት እናቴ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ፣
ከስፌቱ ስትገባ፣
ቦርሳዋን ሳታወርድ በርጩማው ላይ ስታርፍ
ከአምናው ጣት ያህል ዝቅ ብላ አየኋት።
ስንት ዓመት አብሬያት በላሁ፣ ስንት ዓመት አየኋት፣
ይህን ግን አላየሁም።

እርሳሴን አነሳሁ።
«እማ፣ እንዳትነቃነቂ።»
«እራቱስ?» አለች፤
ግን አልተነቃነቀችም።