ብርማ ቀለም

ሚሳይሉን ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ፤
ዘጠነኛ ክፍል ነበርሁ፤ ሥዕል ይችላል ብለው መረጡኝ።
ጣውላ ነው። ስምንት ክንድ። ሁለት ጣሳ ብርማ፣
ለቢቸና አደባባይ፣ ለመስከረም ሁለት ግርማ።
ውስጡ ባዶ ነበር፣ አፍንጫው ቆርቆሮ፣
ሲነኩት የሚጮህ እንደ ደረቀ ከበሮ።

ጓድ አስናቀ ሄደ ወደ ቅኔው ማኅበር፣
እኔን አስከትሎ፣ እስከ ጎጆው በር።
"ሰልፉን ከፊት ሆነው ይምሩ ካህናቱ፣
ጥላ ዘርግተው ይውጡ። እርስዎም አባቱ
አንድ መወድስ ለአቶም፣ አንድ ጉባኤ ቃና፤
ሰፊው ሕዝብ ይስማ የጉልበቱን ዝና።"

የየኔታ ልሳኑ ዐይን ፈዟል፤ ጆሯቸው ግን ይሰማል።
"ስሙን ድገምልኝ፣ ልጄ።"
"ሚሳይል ይባላል።"
"ሚሳኤል?"
"ሚሳይል፣ የኔታ።"
ሳቁ፤ ሳቃቸው ወዲያው ወደ ሳል ተፈታ።
"የማውቀው ሚሳኤል እሳት ገብቶ ወጣ፤
ይህ ያንተ ሚሳኤል እሳት ይዞ መጣ።"

"ሲፈነዳስ?" አሉኝ። የፊዚክስ ደብተሬን በቃሌ ዘረገፍሁ፦
ከተማ እንደሚያቀልጥ፣
ደረጃ ላይ ተቀምጦ የነበረ ሰው ራሱ ጠፍቶ
ጥላው ከድንጋዩ ታትሞ እንደቀረ አወራሁ።
ፈተና እንደሚመልስ ልጅ፣ በኩራት።
ዝም አሉ። ቆይተው፦
"ሰው ተቃጥሎ ጠፍቶ ከቀረማ ጥላ፣
እኛ ጥላ ይዘን ለማን እናጥላ?"

ማታ ወረዱ ከፈንቴ ደጅ፣ ከቀጥቃጩ፣
አገሬው ማረሻ ካሳለ በኋላ
ልጁን የሚደብቅበት፣ ከእጁ የማይበላ።
ከደፉ ላይ ተቀመጡ፤ በቅሉ ውሃ ጠጡ።
"ነቢዩ 'ይቀድሳሉ' አላለም፣ ፈንቴ፤ 'ይቀጠቅጣሉ' ነው ያለው፤
ትንቢቱ የወገንህ ነው። መዶሻህን አውሰኝ፤ ነገ ልመልሰው።"

መስከረም ሁለት። ጭቃው አልደረቀም። የሙዚቃው ጓድ ጀመረ።
መለከት ሲነፋ ለምስል መስገድን ከዳንኤል ሰምተን ነበረ፤
ማን አስታወሰ ያን ሰዓት? የሁላችን ግራ እጅ ተሰቅሎ ቀረ።
የኔታ ብቻ ከሰልፉ ወጡ፤ ጥላ የለ፣ መስቀል የለ።
አንዴ አፍንጫውን መቱት፤ ቆርቆሮው እንደ ተረገጠ ውሻ ጮኸ።
አንዴ ሆዱን።
ሦስተኛውን ሳቱት፤ ከነመዶሻቸው ጭቃ ላይ ወደቁ።
የሳቀ ነበር። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል።

ከቀበሌው ጠረጴዛ ፊት አቆሟቸው።
"የሕዝቡን ሚሳይል ሰብረሃል!"
"ጣውላ ከሆነ፣ ልጄ፣ በሁለት ብር ይጠገናል፤
ሚሳይል ከሆነ ግን እሰሩኝ፤
ብቻ ለሞስኮም ለዋሽንግተንም ጻፉላቸው፦ መዶሻ ይበቃል።
እኔ ሰሙን ሰበርሁ። ወርቁን እናንተ ፍቱት።"

ጓድ አስናቀ ላብ አጠመቀው፤ ፊቱን አዞረ ወደ እኔ፦
"አንተ ነህ የቀባኸው። ምንድን ነው? ተናገር!"
አንዲት ቃል ነበረች። ሁለት ፊደል ተኩል።
ጥፍሬ ሥር የቀረውን ብርማ ስፍቅ ቆየሁ።

አሥራ አንድ ወር ደብረ ማርቆስ ታሰሩ።
ተማሪዎቻቸው አቆፋዳ አንግተው፣
ገሚሱ ወደ ጎንጅ፣ ገሚሱ ወደ ዋሸራ ተበተኑ፤
የጎጆው ሣር ክዳን በክረምቱ ወረደ።

ፈንቴን ማንም አልጠየቀው፤ ቡዳ ምን ምስክር ይሆናል?
ሰልፉ ሲበተን ሚስማሩን፣ ቆርቆሮውን ከጭቃው ለቅሞ ነበር።

በግንቦት የአባቴ ሞፈር ተሰነጠቀ፤
ፈንቴ ስንጥቁን በቆርቆሮ ጠፍሮ መለሰው።
አባቴ ከማሳው ዳር አገላብጦ አየው፦
"ይህ የሚያብለጨልጨው ከየት የመጣ ነው?"
አወቅሁት። የብሩሼ መስመር ነበረበት፣
ወደ ግራ የሚያዘነብል።

አላውቅም፣ አልሁት።
በሬዎቹ ሳቡ።