አራት ጣት ክፍተት

ታኅሣሥ የገባ እንደሁ ስልኬ አያስተኛኝም፤
ጠባሴ ዳር ያለ ቡኻሪ አይቀረኝም።
«ጭሱ ቤት ገባብን» ብሎ ሰው ሲጣራ
መሰላል በጫንቃ፣ እወጣለሁ ጣራ።
የጽድ ቅርንጫፍ ድንጋይ አስሬበት
ቁልቁል እሰደዋለሁ በጭስ መውጫው አንገት፤
ይራገፋል ጥቀርሻ፣ የዓመት ዕዳ ሁሉ፣
የቁራ ጎጆ ጭምር፣ ከነጭራሮው ሙሉ።

ወርጄም ለአባወራው የዘወትር ቃሌን፦
«እርጥብ ባሕር ዛፍ ያለቅሳል እንጂ መች ይነዳል?
ሲያጋጩት የሚጮኽ ደረቅ ግንድ ይበጃል።
አመድ በካርቶን አይወጣም፣ በቆርቆሮ ነው እንጂ፤
ሞተ ያልከው ፍም ነው የጎተራ ፈጂ።
ባናህን ከእሳቱ ሦስት ክንድ አርቀው፤
ፍንጣሪ ሲዘል የት እንደሚያርፍ ማን አወቀው?»

ይከፍሉኛል፣ ይመርቁኛል፣ እኔም እኮራለሁ፤
በጥላሸት ፊቴ ቤቴ እገባለሁ።

ከገዛ ጓሮዬ ግን አንዲት ክፍል አለች፣
ቡኻሪ የሌላት፣ ለኪራይ የቆመች።
አምና ኅዳር ላይ ሰዓዳ ተከራየቻት፤
ሸዋ ሮቢት ናት አገሯ፣ ሙቀት ያሳደጋት።
ቀን ቀን ፋብሪካ ብርድ ልብስ ትሸምናለች፣
ማታ በስስ ጋቢ ትንቀጠቀጣለች።
«ጋሽ ይፍሩ፣ በመስኮቱ ነፋስ ይገባል» አለችኝ፤
የሰው ልጅ፣ የሰው አገር፣ አንጀቴን በላችኝ።
አሮጌ ባና ቀድጄ ስንጥቁን ጠቀጠቅሁ፣
የመቃኑን ዙሪያ በጭቃ መረግሁ፣
«በይ አሁን ተኚ» ብዬ ደግ ሰው መሰልሁ።

ነፋሱ ቀረ።
እኔን የመሰለኝ ነፋስ ብቻ የቀረ።

አንድ ሌሊት፣ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ፣
በሬሳ ዳርዳሩን መስታወት ተኝቶ፣
ደጅ አቀጣጠለች ከሰሏን በማታ፤
ጭሱ እስኪሄድ ጠብቃ፣ ነበልባል እስኪረታ፣
ቀላ ሲልላት ይዛው ገባች።
ማን ይንገራት? ጭስ የሌለው ፍም ነው፣ ሽታም የሌለው፣
ድምፅ ሳያሰማ ሰው የሚወስደው።

ብርድ ባላንጣ ነው፣ ግን ፊት ለፊት ይመጣል፤
ያንዘፈዝፍሃል፣ ተነሥ እያለ ይነዘንዛል።
ከሰል ግን እንደ አክስት እግርህን ያሞቃል፣
ራስህን ያከብዳል፣ እሹሩሩ ይላል፣
አባብሎ፣ አባብሎ፣
በሩን ይዘጋብሃል።

ፈረቃዋ ንጋት ነው።
ሁልጊዜ ሲጮኽ የሚቀሰቅሰኝ የቆርቆሮ በሯ
ያን ቀን ዝም አለ።
መዶሻ ይዤ ወጣሁ፤ ለምን መዶሻ እንደያዝሁ አላውቅም።
በሩ ከጭቃዬ ጋር ተጣብቆ እምቢ አለ፤
ጥሩ ግንበኛ ነኝ፣ የመረግሁት አይለቅም።

ጎትቼ አወጣኋት፣ ውርጩ ላይ አስተኛኋት።
ያ ስንሰድበው የምንኖር የደብረ ብርሃን ብርድ
በአፍንጫዋ ገባ እንደ ሥጋ ዘመድ።
አሳላት። አስታወካት። «ራሴን» አለች።

ሆስፒታል ሐኪሙ ጠየቀኝ፦
«ክፍሉ መስኮት የለውም ወይ?»
«አለው» አልሁ።
የቀረውን ዋጥሁት።

እንደተመለስሁ መሮዬን ፈለግሁ።
ከጣራው ሥር አራት ጣት፣ ከበሩ ግርጌ አራት ጣት፤
የገዛ እጄን ሥራ ስፈለፍል ዋልሁ።
ከሰሉ ደጅ ይደር አልኋት፣ ክፍተትም ቢኖር እንኳ።
ከገበያ ወፍራም ብርድ ልብስ ገዛሁላት፤
ጠርዙን አገላብጣ አየችና
«ይሄ እኮ የእኛ ማሽን ነው» ብላ ሳቀች።

ዘንድሮም ታኅሣሥ ነው። ስልኬ ይጮኻል፣
መሰላሉ ጫንቃዬ ላይ ነው።
ከጣራው በፊት ግን አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው፦
«ጓሮ ክፍል አለ? ማን ያድርበታል?
በምን ይሞቃል?»

ሌሊት ነፋሱ በዚያች ቀዳዳ ያፏጫል።
«ጋሽ ይፍሩ፣ ኧረ ይበርዳል!» ትላለች ከግድግዳው ማዶ።
«ይብረድሽ!» እላታለሁ።

ብርዱ አለ።
እሷም አለች።