ስለት

የአባቴ አርባ ወጣ፤ ለቀስተኛው ተበተነ፤
ጦሳ ጉሙን አወረደ፣ ደጃችንን ሸፈነ።
ለእንድሪስ ቤቱ፣
ለዘርፌ ሲንጀሩ፣ ከነመርገጫ ከነዘይቱ፤
ለእኔ ከሰደርያው ኪስ፣ በሱፍ ቁራጭ ተጠቅልላ
አንዲት ሰንጢ።
«ሎተሪ ወጣልሽ፣ ሉባባ!» አለ ወንድሜ።
ሽማግሌዎቹም ሳቁ።

እጀታዋ ባንድ ጎኑ የበሬ ቀንድ ነው፣
በሌላው ወይራ፤ አያቴ አደም ጠርቦ የገጠመው።
ስለቷ ከመሳል ብዛት ሟሙቶ፣ ሳስቶ፣
የሦስት ቀን ጨረቃ መስሏል፣ ጎብጦ።

አጎቴ «ከጦር ሜዳ ነው፣ ከወታደር ወገብ» ይላል፤
አክስቴ «የባላባት ሽልማት» ትላለች፤ ሁሉም ይምላል።
አባቴ ግን መርፌውን ከከንፈሩ ነቅሎ፣
«ውሸት!» ይላል፣ ክሩን በምራቁ አሹሎ።
«አባቴ ማር ሸጦ፣ ብሩን በመሐረብ ቋጥሮ፣
ጋዝና አሞሌ ሊገዛ ሸርፍ ተራ ገባ።
ሸርፍ ጠፋ፣ በሸርፍ ተራ!
የመናዊው ባለሱቅ መሳቢያውን ገለበጠ፤
ቢቸግረው በመልሱ ፈንታ ይችን ሰንጢ ሰጠ።
ታሪካችን ይኸው ነው፤
ያልተመለሰ መልስ።»

አንድ ሕግ ነበራት፤ ሥጋ አትነካም።
እናቴ እታጉ የመድኃኔዓለም ሳሚ፣
አባቴ የሸዋ በር ጁምዓ ሰጋጅ፤
ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስት፣ ባንድ ምድጃ፤
ዓመት በዓል ሲመጣ ሥጋው ለየብቻ።
ሰንጢዋ ግን የሁላችን።
ሸንኮራ ትሰነጥቃለች፣ ክር ትበጥሳለች፣
የሂሳብ ፈተና ዕለት እርሳሴን ትቀርጻለች።
ብርቱካን ስትልጥማ ልጣጩ አይቆረጥም፤
ባባቴ ጉልበት ላይ ይወርዳል እንደ ጥምጥም።

«አባቴ ሳለ» እላለሁ፤ ቃሏ ግን አታርፍም።
አባቴ ሳለ፤ ደረጃው ላይ፣ በወንዝ ድንጋይ፣ ስለቷን።
አባቴ ሳለ፤ በሳሙና ስባሪ፣ ሱፉ ላይ፣ የሰው ትከሻን።
አባቴ ሳለ፤ ባለፈው ክረምት፣ ሌሊቱን በሙሉ፣
እኛ ከግድግዳው ማዶ፣ ሰምተን ዝም እያልን ሁሉ።
አባቴ ሳለ
እንዲህ ያለ ሰልፍ አልቆምም ነበር።

ማክሰኞ የቁጠባ ደብተሩን ላዘጋ ፒያሳ ወጣሁ።
የባንኩ ጥበቃ ቦርሳዬን ዳበሰና
«ስለት ይዘሻል እንዴ?» አለኝ።
የቱን ስለት? ለየቱ ደጅ የተሳልኩትን?
«ይዣለሁ» አልኩት።
ከፍቶ በአውራ ጣቱ ዳሰሳት፤
«ይችማ ጎመንም አታስፈራ!» ብሎ ሳቀባት፤
መሳቢያው ውስጥ ወረወራት።
በምትኳ ክብ ቆርቆሮ ሰጠኝ፣
ቁጥር አሥራ ሰባት።

የሞት ምስክር፣ የወራሽነት ወረቀት፣ ማኅተም፤
ሲስተም የለም፤ ሲስተም መጣ፤ ደግሞ የለም።
አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድሳ ብር ከሰላሳ ሳንቲም፣
ለሦስት ልጅ።
«ሳንቲም የለንም» አለች ልጅቱ፣ ቀና ሳትል።
ዘንድሮ መልስ ሲጠፋ
ሰንጢ የሚሰጥም የለ።

ስወጣ፣ ጥበቃው የካፖርቱን ኮሌታ ወደ ጆሮው አንስቶ፣
ወንበሩ ላይ ተኮራምቶ፣
በሰንጢዬ ብርቱካን ይልጣል።
ልጣጩ ሳይበጠስ ጉልበቱ ላይ ወርዷል።
አየኝ፤ ደነገጠ።
«ይቅርታ እህቴ፣ እጄ ነው . . .»
ሌላ ሳይጨምር ግማሹን ዘረጋልኝ።

እዚያው ቆሜ በላሁ። ቀዝቃዛ ነበር፣ ጎምዛዛ።
«ሐይቅ! ሐይቅ! አንድ ሰው!» ይላል የሚኒባስ ረዳት።
ስለቷን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁ፣
አንዴ በሆዷ፣ አንዴ በጀርባዋ፤
ቀጭ።

ሆጤ ስደርስ ነው ኪሴን ዳብሼ ያወቅሁት፤
አሥራ ሰባት ቁጥርን ሳልመልስ ይዤው መጥቻለሁ።
በየእርምጃዬ ከሰንጢዋ ጋር ይንኳኳል።
ነገ እመልሰዋለሁ፤
ወይም ከነገ ወዲያ።