የንጉሡ ሠ

አባቴ ታፔላ ጻፊ ነው፣ ስሙም ሠርጸ፤
ከሂርማታ እስከ አጂፕ፣ ቆርቆሮ ላይ ፊደል እየቀረጸ
አርባ ዓመት ኖረ፦ ፋርማሲ፣ ልብስ ስፌት፣
የባጃጅ ጀርባ፣ የመድረሳ በር፣ የጥርስ ሕክምና ቤት።
በሱቁ ደጅ፣ በቀይ ቀለም፣ «ሠዓሊ» የሚል ነበረ፤
ባነር አታሚው ጎረቤት አዲስ ሠርቶ ሲሰጠው፣ ፊደሉ ተቀየረ፤
«ሰአሊ» ሆነ።
አባቴ አይቶ ሣቀ፦ «የሥዕል ሰው ነበርኩ፤
በእሳቱ ሰ ተጽፌ፣ ለማኝ ሆኜ ቆምኩ።»

እኔ ልጁ ፓርኩ ውስጥ አስተርጓሚ ሆኜ ገባሁ፤
አንድ ቋንቋ ብዬ ሄጄ፣ ሁለት ዓይነት ፊደል አገኘሁ።
«አጭሩን ያዢ» ትላለች አለቃዬ ሹ፣ «ጊዜ የለም፤
መርከብ ቆሞ ለአንድ ቃል ሃያ ሁለት ሰረዝ አይጠብቅም።»
ሽማግሌው ኩዎክ፣ የስፌት መኪና ጠጋኙ፣ ከሆንግ ኮንግ የመጣው፣
ዘይት በነካው ጣቱ ረጅሙን ካርቶን ላይ አወጣው።
«መስማት» ነው አለኝ።
ጆሮ አለበት፤ ከጆሮው ሥር ንጉሥ ቆሟል፤
ዐሥር አለ፤ ዐይን በጎኑ ተጋድሟል፤
አንድ አለ፤ ከሁሉ በታች ልብ።
ከዚያ አጭሩን ከጎኑ ጻፈው፦ አፍና መጥረቢያ።
«ይሄ ለአስተርጓሚ ነው» አለኝ፣ «ለደሞዝ መቀበያ።»

አጭሩን ግን አልበድልም። «አቧራ» ድሮ አጋዘን ነበረ፣
አፈር ላይ የቆመ፤ ዛሬ «ትንሽ» እና «አፈር» ሆኖ ቀረ።
በጥር፣ ከኪቶ ፉርዲሳ ስመለስ፣ ባጃጅ ውስጥ ታጭቄ፣
ቀዩን አፈር በጥርሴ አድቅቄ
ቤት የገባሁ ነኝ።
አጋዘን ግን አላየሁም።

የበሩን ታፔላ አባቴ እንዲሠራው ሹን ለመንኳት።
«ፋብሪካ» በአጭሩ ሁለት ሰረዝ ናት፤
አንዷ አግድም፣ አንዷ ቁልቁል።
አባቴ ብሩሹን እንዳነሣ ጠበቀ፦ «ቀሪውስ?» «አልቋል።»
«ጣሪያና አንድ ግድግዳ? ሰው የት ይገባል?
የጅማ ዝናብ እኮ በጎን ይመጣል።»
ለሥራ ዋጋ የሚቆርጠው በፊደል ልክ ነውና አፈረ፤
ከተሰጠው ብር ግማሹን ቆጥሮ መለሰ።
«ምን አለ?» አለችኝ ሹ።
«ወዶታል» አልኳት።
አፍና መጥረቢያ።

በሦስተኛው ክረምት ትእዛዝ ነጠፈ። መኪኖቹ ተጭነው ወጡ፤
ሁለት መቶ ልጃገረዶች ሽርጣቸውን አጥፈው፣ በዝናብ ደጅ ወጡ።
ኩዎክ የተረፉትን መርፌዎች በክብሪት ቀፎ ሰጠኝ፤
ምን እንዳለኝ አልሰማሁትም፣ ጀነሬተሩ ጋረደኝ።
ሼዱ አሁን ጣሪያና ግድግዳ ነው።
ታፔላው ልክ ሆነ፤ አንድ ሰረዝ አይጎድለው።
አባቴ በዚያ ሲያልፍ
ወደ ሌላ ያያል።

ቆጪ ሰፈር የማስጠናቸው ልጆች «የቱን እንማር?» ይሉኛል።
ለፈተናው አጭሩን እላለሁ፤ ለሌላው አፌ ይያዛል።
መብራት ሲጠፋ ግን ጣቴ ጉልበቴ ላይ ይጽፋል፣
ሃያ ሁለቱን ይቆጥራል፣ ሁሌ ንጉሡ ላይ ይሳሳታል።

ትናንት የአባቴን መታወቂያ ላሳድስ ቀበሌ ተሰለፍኩ።
አሮጌው ላይ «ሰርፀ» ይላል፤ በሁለት ፊደል ሌላ ሰው።
ጸሐፊዋ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳርፋ፣ «ስም?» አለችኝ።
«ሠርጸ።»
«ይኸው፣ ሰርፀ።»
«በንጉሡ ሠ፣» አልኳት፣ «በጸሎቱ ጸ።»
«ሁለቱም አንድ አይደለም እንዴ?»
ከኋላዬ አርባ ሰው። ጣሪያውን ዝናብ ይደበድበዋል።
አንዱ ሰዓቱን አየ፤ አንዱ «ኧረ ባክሽ!» አለ።
ልጅቷ ግን፣ ምን እንደ ታያት እንጃ፣
ቁልፎቹን አንድ በአንድ መፈለግ ጀመረች፤
አጣችው፤ ወደ ጎን ዞራ ጓደኛዋን ጠየቀች።
እኔም ጃንጥላዬን ከእጅ ወደ እጅ አዛውሬ
ጠበቅኩ።