ኩክ ማውጫ

ከቦርከና ወዲህ፣ ከቆርቆሮ ዳሴ፣
ሚዛኔን ሰቅዬ፣ ቁጭ ብዬ ለራሴ፣
ብረት ነው የሚያውቀኝ፣ ብረት ነው የማውቀው፤
ዝገት ነው መዳፌን ያቀላው፣ ያደረቀው።
የድጅኖ ስባሪ፣ የባጃጅ ሞተር ቤት፣
የዶማ አንገት፣ የበር ማጠፊያ፣ የአልጋ ብረት፣
ሁሉም በኪሎ ነው። ከኔ ዘንድ ሲመጣ
ስም የለው፣ አገር የለው፣ የለው ደስታ፣ ቁጣ።

ኑርዬ የሚሉት አንድ ደንበኛ አለኝ፤
ሐሙስ ሐሙስ መጥቶ ጆንያ የሚያራግፍልኝ፣
ከደሴ ተከራይቶ ብረት ጠቋሚ ዘንግ
«ጣሊያን ቀብሯል» ሲሉት ወርቅ የሚያስስ ጥግ ጥግ።
ጆሮውን ደፍኖ በሁለት ጥቁር ኩባያ፣
ከቁልቋሉ ወዲህ፣ ከቁልቋሉ ወዲያ፣
መሬቱን ያደምጣል፤ ያቺ ዘንግ ስትጮህ
ይቆፍራል፣ ያያል፤ «አንተም ቆርቆሮ ነህ!»
ለወርቅ ድምፅ ብቻ ዘንጊቱን ቃኝቷታል፤
ሌላው ቢጣራ ግን «ዝም በይ» ብሏታል።

ያን ሐሙስ ዝናብ ነው። ጆንያውን ጣለና
«ቤት መዝኜዋለሁ፣ አሥራ አንድ ነው» አለና፣
ብሩን ሳይቆጥረው ኪሱ ከተተና፣
ዘንጉን በላስቲክ ጠቅልሎ ሄደ በጭቃው ጎዳና።

ጦይባ ናት የምትለይ ነሐሱን ከብረቱ፤
ዐይኗ ደክሟል አሁን፣ ጣቷ ነው ብርቱ።
ከዛገ ምስማርና ከቀልሃው መካከል
አወጣች ጥቁር ስንጥር፣ የክብሪት እንጨት የምታክል።
«ሽቦ ናት፣ ወርውሪያት!» ብላት ዝም አለች፤
በሎሚ፣ በአመድ ፈተገች፣ ፈተገች።
የባቲ አንጥረኛ ጎረቤት ነው ያደገች፤
ብር ቢጠቁርም እንኳ በጣቷ ታውቃለች።

ጫፏ ማንኪያ ናት፣ የስንዴ ፍሬ የማትይዝ፤
ወገቧ ላይ ጥምዝምዝ፤
አናቷ ላይ ቀለበት፣ ያንገት ክር መያዣ።
ኩክ ማውጫ!

ሚዛን ላይ ባኖራት ሚዛኔ አልነቃችም፤
መርፌዋ ከዜሮ ንቅንቅ አላለችም።
ቅዳሜ ማቅለጫው መኪና ሲልክ
ከምስማሩ ጋር ሟሙታ፣ ፌሮ ሆና፣
የአንዱ ሆቴል ምሰሶ ውስጥ ቆማ ትቀር ነበር።

ማንኪያዋ ባንድ ጎኗ ሳስታለች፣ ተበልታ።
ጦይባ ግራ እጇን ዘርግታ ለካች፤
«ግራኝ ነበረች» አለች፣ «ይቺን ያነገተች።
የልጇን አናት ከጭኗ ላይ አጋድማ፣
‹እንዳትነቃነቅ› ስትለው በለሆሳስ ዜማ...»

እኔ ግን የማስበው የራሴን ጉድ ነበር፤
በዝገት ሒሳብ ነው የገዛሁት ያን ብር።
ሰባት ቀን ከኪሴ እንደ እሾህ ወጋችኝ፤
ሌሊትም ጆሮዬን አሳከከችኝ።

በሐሙሱ መጣ። «ያንተ ናት» አልኩና
መዳፉ ላይ ጣልኳት። ዝም አለ ቆመና።
«ስንት ታወጣለች?» ይላል ብዬ ስጠብቀው
ከጆሮው ላይ ያለውን ኩባያ አወለቀው።
«ጮኻ ነበር ይቺ» አለኝ፣ «ስልል ባለ ድምፅ፣
ወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው። እኔ ግን ምስማር
ብዬ...» አልጨረሰውም።

«የት ነበር?» አልኩት።
«ከሐይቅ በላይ፣ ከቁልቋል አጥር ጥግ።
ቤት የለም። ሦስት ጉልቻ፣ አንድ የተሰነጠቀ ወፍጮ።»

ወጥቶ ነበር ኋላ፣ ዘንጉን ቤቱ ትቶ፣
የማን ግቢ እንደሆን ሊጠይቅ ሽቶ።
አንዱ «የእንቶኔ» ሲል፣ አንዱ «ኧረ አይደለም፣
ከሰባ ሰባት ወዲህ እዚያ የኖረ የለም።»

ኩክ ማውጫዋን ለጦይባ ተወላት።
ጥቁር ክር ገምዳ ካንገቷ አሰረቻት።
ኑርዬ ዛሬም ወርቁን ፍለጋ ላይ ነው፤
እኔም ያው በኪሎ ነኝ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ?
ግን ጆንያ ሲመጣ አላራግፍም ቶሎ፤
ነቅነቅ አድርጌ እሰማለሁ፣ ጆሮዬ ካፉ ላይ ውሎ።
ሰው ያላግጥብኛል፤ «ምን አለህ ብረቱ?»
«ገና ነው» እላለሁ፣
«ዝም በሉ እስቲ።»