ዋጋ ጠያቂዋ

ሦስት ዓመት ሙሉ በጠመኔ ብናኝ
ሁለት መስመር ሲያቋርጥ ሰሌዳው አሳየኝ፤
አቅርቦት ወደ ላይ፣ ፍላጎት ቁልቁል፣
መሐል አንዲት ነጥብ፣ ጸጥ ያለች፣ እኩል።
"ሌላው ሁሉ ነገር ባለበት ከቆመ . . ."
ይል ነበር መምህሩ፤ ማንስ ተቃወመ?
ጻፍነው። ተፈተንንበት። አለፍን።

በአራተኛው ዓመት ወጣሁኝ ልምምድ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ በአቧራማ መንገድ
ከቃሊቲ ወዲያ፣ ቱሉ ዲምቱ ገበያ፣
አንገቴ ላይ ባጅ፣ በእጄ መጠየቂያ፤
የሽንኩርት፣ የምስር፣ የዘይት፣ የከሰል፣
የሳሙና፣ የክብሪት፣ ያንዲት ፍሬ እንቁላል
ዋጋ ልጽፍ።
መግዛት ግን በቅጹ አንድም ቦታ የለም፤
ወር ሳይሞላኝ ወጣልኝ ስም።
"ዋጋ ጠያቂዋ መጣች!" አለ ባለ ድንች ልጅ፣
"ቲማቲሙን ሸፍኑት! ይጨምራል እንጅ
እሷ የጻፈችው ወርዶ አያውቅም!"
ሳቁ። ሳቅሁ። ማታ ግን የዓምዴን ቁጥር ሳይ
ልጁ አልተሳሳተም፤ ሁሉም ወደ ላይ።

ከሁሉ የሚከብደኝ አዴ ሎሚቱ ጋ ነው።
አንዱ ሳህን ሲቀል ጠጠር ጣል አድርጋ
ሚዛኗን ታቀናና፣ "ነይ ወደዚህ ጠጋ!
መቶ ሃያ ነው ኪሎው።
ላንቺ ግን ዘጠና። ልጄን ትመስያለሽ፣ ምን ላርገው።"

እስክሪብቶዬ ቆመ።
መቶ ሃያ ልበል? ዘጠና? ወይስ መሐል?
"ላንቺ" የሚባል ዓምድ ቅጹ የት ያውቃል?
ለተቆጣጣሪዬ፣ ለአቶ ሸዋንግዛው
ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣
"ዝምድና" አሉኝ "በኛ ቤት ስሕተት ነው፤
የሌላውን ጻፊ፣ የራስሽን ተዪው።"
ጻፍኩ፦ መቶ ሃያ።
የቀረችው ሠላሳ ብር ግን ትቆረቁረኛለች፣
ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር።

ሚያዝያ ላይ መጣሁ።
ከመደቡ ፊት ለፊት ቀይ ቀለም፣ ገመድ፣
ቢጫው ማሽን ያዛጋል፤ ሊሰፋ ነው መንገድ።
ጣውላውም፣ ሸራውም፣ የሚዛኑም ጠጠር
የለም።
"ሌላው ባለበት" ብዬ በልቤ ስጀምር
ባለበት የሚሉት ቦታ ራሱ
ባለበት አልነበረም።
"ወዴት ሄደች?" አልኩት ባለ ድንቹን።
"አንዳንዱ ገላን ይላል፣ አንዳንዱ ዱከም።
አንቺ ዋጋ ነው እንጂ
መች ስልኳን ጠየቅሽ?"

መመሪያው ገጽ ስምንት ላይ ግልጽ ነው፦
ሻጭ ከጠፋ፣ ተመሳሳይ ሻጭ ተኪ።
ተካሁ።
ከጥግ ያለ ሰው፣ ዲጂታል ሚዛን ያለው፤
መቶ ሠላሳ አምስት፤ ለኔም፣ ለማንም ያው ነው።

ሰኔ ላይ ሪፖርቴን አስረከብኩ፣ አርባ ሁለት ገጽ፣
ከነሠንጠረዡ፣ ከነግራፉ።
አቶ ሸዋንግዛው "ንጹሕ ሥራ" ብለው ፈረሙ።
አንድ ነገር ብቻ የትም አልጻፍኩም፦
ዓመቱን ሙሉ፣ በዘጠና ብር፣
አንድ ኪሎ ሽንኩርት
ከእጇ አልገዛሁም።