አርባ አንደኛው ምስል

ዴራ፣ ከናይፍ ጀርባ፣ ሱቃችን ጠባብ ናት፤
ኤሲዋ ስታለቅስ ባልዲ ያኖርንላት።
ባለቤቱ ኩንጁሞን፣ የኬረላ ሰው፣
ሌንሱን በሸሚዙ ጫፍ እፍ ብሎ የሚያብሰው፤
እኔ ብሎን ፈቺ።
መደርደሪያው ላይ ግን ትውልድ ተሰልፏል፣
የአንድ ፋብሪካ ዘር በዕድሜ ተጽፏል፦

ባለ ፍሎፒው አባት፣ እንደ ጡብ የከበደ፣
ዐሥር ፎቶ ጎርሶ የሚጠግብ ሽማግሌ፣ ባለ ካርዱን ወለደ።
ባለ ካርዱ ወለደ ቀጭኗን፣ ብርማዋን፣
ከሸሚዝ ኪስ ገብታ የምትረሳዋን።
ቀጭኗም ወለደች ባለ ረጅም አንገት፣
ከወደብ ማዶ የመርከብ ስም የሚያነብ በርቀት፤
የእርሱም ታናሽ ቢጫው፣ ውኃ የማይፈራ፣
ጠልቆ የሚዋኝ ጀግና፣ የገደለው አቧራ።
ከዚያ ስልክ መጣ።
ፋብሪካው መከነ፤ ወራሽ ከቤቱ ታጣ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሉባባ መጣች፣
የሐርቡ ልጅ ናት፤ ፌስታሏን ፈታች።
«ማዳም ልትጥለው ስትል ከቆሻሻ ያወጣሁት፣
ይሠራል ብዬ ዐሥር ዓመት ከፍራሼ ሥር ያኖርሁት።»
ካሜራው ሞቷል፤ ካርዱ ግን በሕይወት አለ፣
ፋብሪካው ለራሱ ብቻ የሠራው፣ ከማንም ያልተቀላቀለ፣
እንደ ድሮ ባላባት ከባዕድ የማይጋባ፣
ከየትኛውም ማሽን አፍ እሺ ብሎ የማይገባ።
ኩንጁሞን መሳቢያ ከፈተ፤ ከሽቦ ጉንጉን ሥር
አሮጌ ማንበቢያ አለው፣ እንደ ክታብ የሚሰውር።

አርባ አንድ ምስል።
ሰዒድ ጥርስ ሲያበቅል፣ ሰዒድ ሲድህ፣ ሲቆም፣
ሰዒድ ኬክ ተቀብቶ፣ ሰዒድ አኩርፎ ዝም።
«አንቺስ የታለሽ?» ብላት፦ «እኔማ አንሺዋ ነኝ፣
ከመስታወቱ ወዲህ ማን አይቶ ያግኘኝ?»
ሰዒድ ዘንድሮ ዐሥራ ሁለት ሞላው፤ ስሟን አይጠራም።

አርባ አንደኛው ብልሽት ነው፤ ከጥጉ ቡናማ ደመና፣
ልጁ ይስቃል ወደ እርሱ፣ እጁን ዘርግቶ ገና።
ኩንጁሞን ሊያጠፋው ሲል አንጓውን ያዘችው፦
«ተው! ጣቴ ናት» አለችው።

«ይቺን ብቻ አትሙልኝ።»
«ጥጉን ልቁረጠው?» አላት።
«ጥጉንማ እንዳትነካብኝ!»

ሁለት ድርሃም። ከባጣቃዋ ጋር፣ ሳታጥፈው፣ አቅንታ
ከተተችው፤ ወደ ሙቀቱ ወጣች፣ ፌስታሏን ረስታ።
እኔም ሬሳውን ገጠምሁ፣ ብሎኖቹን አጠበቅሁኝ፤
አንድ ብሎን ተረፈኝ።
ሁልጊዜ አንድ ይተርፈኛል።